የፊልድ መኪናው ቀለም

ስለ መኪና አፌን ከከፈትኩ የሚያስቆመኝ የለም። ዛሬ እንኳ አንድ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ጎረቤቱ መኪና መግዛቱን ቢያወራ፣ የየት አገር ሥሪት ነው፣ ቀለሙ ምንድን ነው፣ ፎር ዊል አለው ወይ እያልኩ መውጫ አሳጣዋለሁ። ባለቤቴ "አንተን ያሳደገህ ጋራዥ ነው" ትለኛለች። እንግዳ ካለ አብሬ እስቃለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን ይህ ዕውቀት የሚመስለኝ ነገር አንድ ጊዜ ምን እንዳደረገ ትዝ ይለኛል፤ ሳቁም እዚያው ይቀራል።

ነገሩ የሆነው ጋምቤላ ክልል በተባለች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ያኔ ቢሮ ሁሉ አዲስ ነበር። ወንበር ያለው ጠረጴዛ የለውም፣ ጠረጴዛ ያለው ማኅተም የለውም፣ ማኅተም ያለው ደግሞ ቁጭ የሚልበት ክፍል ይፈልጋል። እኔ ለየወረዳው መድኃኒትና ክትባት በሚያደርስ አንድ ቢሮ ውስጥ ሾፌር ሆኜ ተቀጠርኩ። ወላጆቼ በድርቁ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። መንደራችን ከአቦቦ መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ በበጋ ከከተማው ሁለት ሰዓት አይሞላም፣ በክረምት ግን እግዜር ያውቃል። እኔ ሞፈሩን ትቼ መሪ ያዝኩ፤ ታናሽ እህቴ እዚያው አግብታ ቀረች።

ይህቺ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ያጣችው በክረምት ነው። ምጡ ሲጠናባት መኪና ጠፍቶ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ከተማ ይዘዋት ወጡ፤ ከተማው ሳይደርሱ ልጁ ሞቶ ተወለደ። ሐኪሞቹ እሷን አተረፉና "ዳግመኛ ካረገዝሽ ምጥ በጀመረሽ ሰዓት ቶሎ ድረሺ" ብለው ላኳት። አሁን ደግሞ አርግዛለች፤ ወሯ የሚገባው ነሐሴ ላይ ነው፤ ጭቃው ጉልበት በሚውጥበት ጊዜ። ቀድማ መጥታ እኔ ቤት እንድትቀመጥ ለምኛት ነበር። "በቆሎውን ለዝንጀሮ ትቼ?" ብላ እንቢ አለች። አባቴ ለገበያ ሲመጣ ቢሮ ድረስ መጥቶ አጥሩ ሥር ተቀመጠና "ልጄ የመንግሥት መኪና ይነዳል ስል ነው የምውለው፤ ዘንድሮም እህትህን በቃሬዛ ካመጣናት ያንተ መሪ መያዝ ለእኛ ምናችን ነው?" አለኝ። "በመኪና ነው የምትመጣው፣ የማመጣትም እኔ ነኝ" አልኩት። አባቴ ነገር ደጋግሞ የሚጠይቅ ሰው አይደለም፤ ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ።

በዚያን ጊዜ የሾፌሮች መዋያ ባሮ ዳር ያለው ማንጎ ዛፍ ሥር ነበር። መኪና የምናጥበውም እዚያው ነው፤ እግራችን ውሃ ውስጥ፣ አፋችን ክርክር ላይ። ክርክሩ በየቀኑ ያው ነው። የጃፓኑ ይሻላል ወይስ የእንግሊዙ? እኔ የጃፓኑ ወገን ነበርኩ፤ ጧት ቁልፉን ስታዞረው የሚነሳ መኪና ከመውደድ የበለጠ ምን ጥበብ አለ? የእንግሊዙ ወገን አለቃ ደግሞ የኛው ቢሮ አንጋፋ ሾፌር፣ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እዚሁ ባሮ ዳር ተወልደው ያደጉ አኙዋ ናቸው፤ አማርኛን በሥራ ላይ የተማሩ፣ ስለዚህም እንደኔ ቃል የማያባክኑ።

"የእንግሊዝ ይሰበራል፤ እኔ እሠራለሁ" ይሉኛል። "የጃፓን አይሰበርም። ከተሰበረ ግን አንተ ቁጭ ትላለህ፤ ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ።"

ውሸት አልነበረም። የነዳጅ ታንከር ሲያፈስባቸው በልብስ ሳሙና ደፍነው ከኢታንግ ጋምቤላ ሲገቡ በዓይኔ አይቻለሁ። የተሰበረ ባሌስትራ በእንጨት አስረው ሳምንት ነድተዋል። እኔ ግን አልሸነፍም። "ጋሼ፣ እርስዎ እኮ መኪና አይደለም የሚነዱት፣ በሽተኛ ነው የሚያስታምሙት" እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ ጨርቃቸውን ይጨምቁና ማጠባቸውን ይቀጥላሉ።

የቀለሙ ክርክር ሲመጣ ግን ማንም አይችለኝም ነበር። ከሞላ ጎደል የክልሉ የፊልድ መኪና ሁሉ ነጭ ነው። ነጭ በፀሐይ ጋቢናው አይግልም፣ ከሩቅ ይታያል፣ ቢጫር ማደሱ ቀላል ነው ይሉኛል። እኔ ደግሞ "ነጭ ቀለም አይደለም፤ ቀለም አለመቀባት ነው" እላለሁ። ቀዩ በጋምቤላ ፀሐይ አንድ በጋ ከቆየ ደጋግሞ የታጠበ ካናቴራ ይመስላል። ጥቁሩ ውስጥ ዳቦ መጋገር ይቻላል። ሰማያዊው ላይ የጭቃ ጠብታ አንድ በአንድ ይቆጠራል። እኔ የምወደው የጠርሙስ አረንጓዴ ነበር፤ ጥልቅ ያለውን፣ ታጥቦ ጥላ ሥር ሲቆም ውሃ የያዘ የሚመስለውን። አዲስ አበባ ለዕድሳት ሄጄ አንድ ጊዜ አይቼው፣ ባለቤቱ እስኪመጣ ድረስ ዙሪያውን እየዞርኩ ሳየው ቆይቻለሁ። ባለቤቱ ሌባ መስዬው ነበር።

ታዲያ በሚያዝያ ይሁን በግንቦት፣ ሥራውን የጨረሰ አንድ የውጭ ፕሮጀክት ሁለት መኪና ለቢሯችን ለቀቀ። አንደኛው የጃፓን ነው፣ ባለ ረጅም ጣራ፤ የኋላ ወንበሩ ሲታጠፍ ቃሬዛ ያስገባና በሩ ይዘጋል። ሁለተኛው ከሽማግሌው ጋር እኩል ያረጀ የእንግሊዝ ነው። የኛ ቢሮ ልማድ ደግሞ ግልጽ ነበር። መኪና ሲመጣ ቁልፎቹ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፤ አንጋፋው ሾፌር ያነሳል፣ የተረፈው ለተከታዩ ነው። ኃላፊው እንኳ በዚህ አይገባም። ክርክር ክርክር ነው እንጂ፣ አዲሱንና አሮጌውን አስቀምጠህ ምረጥ ቢሉት አሮጌውን የሚያነሳ ሾፌር አይቼ አላውቅም።

ቁልፎቹ ጠረጴዛው ላይ ሊቀመጡ አንድ ቀን ሲቀር ሽማግሌውን ማንጎው ሥር አገኘኋቸውና ስለ እህቴ ነገርኳቸው። ስለ ቃሬዛው፣ ስለ መጀመሪያው ልጅ፣ አባቴን ስላልኩት ነገር። ጎማ እያጠቡ ሰሙኝ።

"ስንተኛ ወሯ ነው?" አሉኝ።

"ስድስት ሊሞላት ነው።"

ሌላ አልጠየቁኝም። በማግስቱ ኃላፊው ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው የእንግሊዙን አነሱ። ኃላፊው "ጋሼ፣ የጃፓኑ እኮ ይሻላል" ሲላቸው "ጉልበቴ ይህን ለምዷል" ብለው ወጡ። እኔ የቀረውን ቁልፍ አነሳሁ። እግራቸው ላይ ብወድቅ ደስ ባለኝ፤ ግን እሳቸው እንዲህ ያለ ነገር አይወዱም፤ ተከትዬ ወጥቼ የመኪናቸውን ውሃ ሞላሁላቸው።

መኪናዬን እንደ ሙሽራ አዘጋጀኋት። ክረምቱ ሲገባ ለክትባት ወደ ኢታንግ ወሰድኳት፤ ሜዳው ሁሉ ውሃ ነበር፤ ሞተሩ አንድ ጊዜ እንኳ አላሳለም። የእህቴን ባል ገበያ ቀን አገኘሁትና ነጯን መኪና አሳየሁት። "ይህችን ልብ በላት" አልኩት፤ "ነጭ፣ ጣራዋ ረጅም። ምጥ እንደጀመራት ሰው ላክ፤ እመጣለሁ። መንገድ ላይ ካገኘኸኝ ነጠላ በዱላ ከፍ አድርግ።" ይህ የኔ ፈጠራ አልነበረም። በዚያ ዘመን በክልላችን መንገድ ያልተጻፈ ሕግ ነበር፤ በሽተኛ ይዞ ነጠላ ከፍ ላደረገ ሰው ነጭ መኪና ይቆማል። የማንም መሥሪያ ቤት ይሁን፣ ይቆማል። ቃሬዛ ይዘው መንገድ ዳር የሚጠብቁ ሰዎች የሚጠብቁት ነጭ መኪናን ነው።

ሐምሌ ሲጋመስ ኃላፊው ጠራኝ። በመኪናዋ በሮች ላይ የፕሮጀክቱ ዓርማ ነበረ፤ ፍቀን ብናነሳውም ምልክቱ አልጠፋም። "የራሳችን ክልል መኪና የሰው ዓርማ ይዞ አይዞርም" አለ። "ይቀባ። ሾፌሩ አንተ ነህ፣ ቀለሙን አንተው ምረጥ፤ ብቻ ጭቃ የማያሳይ ይሁን።"

ለኔ? እስከዛሬ ሰው ስለ ቀለም ሐሳቤን የጠየቀኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ወዲያው የጠርሙስ አረንጓዴ አልኩ።

ሽማግሌው ሰምተው ኖሮ ቀለም ቀቢው ግቢ ድረስ መጡ። መኪናዋ ተፍቃ፣ ጭረቷ በእስቱኮ ተደፍኖ ቆማ ነበር። ዞር ዞር ብለው አይተዋት "ነጭ ይሁን" አሉ።

"ለምን?"

"ሰው ነጭ ያውቃል።"

"ጋሼ፣ ሰው የሚያውቀውን ከቀባንማ እኛ ምን ጨመርን?" አልኳቸው። ቀለም ቀቢው ሳቀልኝ። እሳቸው ዝም አሉ። ያን ዝምታ እንደ መሸነፍ ቆጠርኩት፤ አማርኛ ያጠራቸው መሰለኝ። እሳቸው በሦስት ቃል ጨርሰውት ነበር።

ቀለሙም እንዳሰብኩት አልወጣ። ቀለም ቀቢው ቲነር አልቆበት ነው መሰለኝ በቤንዚን አቀጠነው፤ ሲደርቅ ድፍን ብሎ ቀረ። አይበራም። "ሰም ስትቀባው ይመጣል" አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ሰም ቀባሁ፤ ክንዴ ዛለ፤ አልመጣም። ማንጎው ሥር ወስጄ ሳቆማት አንድ ሾፌር "ምነው ካኪ አለበስካት?" አለኝ። ሁሉም ሳቁ። ሽማግሌው ብቻ አልሳቁም። እኔ ተናድጄ ሁለት ቀን እዚያ ሳልደርስ ቀረሁ። የተናደድኩት ቀለሙ ስላላማረ ነው፤ ሌላ ነገር አልታየኝም።

ሊታየኝ ይገባ ነበር። እኔ ከተሜ አይደለሁም፤ የሰፈራ ልጅ ነኝ። በቀድሞው መንግሥት መጨረሻ ዓመታት መንደራችን ለአፈሳ የሚመጣው የወታደር መኪና ቀለሙ ያ ነበር። መኪናው ገና ከሩቅ ሲታይ ጎረምሳ የተባለ ሁሉ ሣር ውስጥ ይገባል። እኔም አንድ ቀን ከጧት እስከ ማታ ማሽላ ውስጥ በሆዴ ተኝቼ ውያለሁ። የእህቴ ባል ታላቅ ወንድም ግን አንድ ቀን ሣሩ ጋ ሳይደርስ ተይዞ ሄደ፤ አልተመለሰም። መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ያው ቀለም በሌላ ሰው እጅ ሆኖ መጣ፤ ጊዜው ገና አልለየለትም ነበር፣ ማን እንደሚነዳው አይታወቅም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ። የኛ መንደር ሰው ያን ቀለም ሲያይ ልጥ ይሁን እባብ ቆሞ አያጣራም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። የራሴ መኪና ላይ ሲደርስ ግን ያሰብኩት አዲስ አበባ ስላየሁት የሀብታም መኪና ነበር።

ደግሞም መቀባቷን ለመንደር አልላኩም። መኪናዋ ያቺው፣ ሾፌሩም ያው ነው፤ ምን ብዬ ልላክ?

ነሐሴ ላይ አንድ ጧት ከአቦቦ በኩል የመጣ የትራክተር ሾፌር ቢሮ ገብቶ እህቴን ከትናንት ማታ ጀምሮ ምጥ እንደያዛት ነገረኝ። ኃላፊው ወረቀቱን ቆሞ ፈረመልኝ። ወጣሁ። መንገዱ መንገድ አልነበረም፤ ሁለት ቦታ ላይ ውሃው የጎማውን ሽፋን፣ ፓራፋንጎውን፣ አልፎ ነበር። መኪናዋ ግን ፎር ዊል ገብታ፣ በአንደኛ ማርሽ እያጉረመረመች ወጣችው። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ብቻዬን እያወራሁ ነበር የምነዳው። "ይኸው የጃፓን! አሁን ሽማግሌው ባዩ" እላለሁ። ግራና ቀኙ ሣር ነው፤ በነሐሴ የኛ አገር ሣር ከመኪና ጣራ ይበልጣል። በመንገዱ ላይ ሰው አላየሁም። ምነው ሰው ጠፋ ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም።

እኩለ ቀን ሲሆን መንደር ደረስኩ። አባቴ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር፤ መኪናዋን ሲያይ ከአጥሩ ኋላ ገባ። ወርጄ ስጠራው ነው የወጣው።

"አንተ ነህ?" አለኝ።

"እሷስ?"

"ምጡ ጠናባት፣ አንተም ዘገየህብን፣ በቃሬዛ ይዘዋት ወጡ። ጎህ ሲቀድ ነው የወጡት። አላገኘሃቸውም?"

ከመንደራችን ወደ ከተማ የሚወስድ ሌላ መንገድ የለም። አባቴ እኔን አላየም፤ የመኪናዋን በር ነበር የሚያየው። ከዚያ እኔም አየሁት። ከገዛሁት ሰም ሁሉ በላይ ጭቃ ተለጥፎበት፣ ደረቱ ላይ ምንም ዓርማ የሌለው፣ ድፍን ያለ አረንጓዴ በር። ተመልሼ መሪው ላይ ወጣሁ። አባቴም ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

ስመለስ ቀስ ብዬ ነዳሁ፤ ክላክስ እያጮህኩ፣ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ እየተጣራሁ። አሁን ሳስበው ያ ደግሞ የባሰ ሞኝነት ነበር። የወታደር መኪና ነው ብሎ ሣር ውስጥ የተደበቀ ሰው፣ ያው መኪና ተመልሶ ቀስ እያለ፣ እየጮኸ ሲፈልገው ይወጣል? ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ አባቴ ክንዴን ያዘኝ። "አጥፋው" አለኝ። "ሞተሩን አጥፋውና በእግር እንሂድ፤ ድምፅህ አይለይም።"

አጠፋሁት። ወደመጣንበት በእግራችን እየተመለስን ሁለታችንም ተጣራን። "እኔ ነኝ፣ ወንድሟ ነኝ፣ ውጡ" እያልኩ። ግማሽ ሰዓት ይሆናል የሄድነው፤ ለኔ ግን የቀን ያህል ነበር። መጀመሪያ የወጣው የእህቴ ባል ነው። እስከ ደረቱ ጭቃ ነበር። ዱላው በእጁ ነው፤ ነጠላ ግን አልነበረበትም።

"ነጭ እንጠብቅ ነበር" አለኝ። "ያ ሲመጣ ሣር ውስጥ ይዘናት ገባን። ካለፈ በኋላ ልንወጣ ስንል ተመልሶ መጣ፤ ይፈልገናል አልን። እሷ ልትጮህ ሆነ። ነጠላውን አፏ ላይ ያዝንባት።"

"ልጁስ?"

"መኪናው እንዳለፈ ተወለደ። ትንሽ ተንፈራገጠ። ከዚያ ዝም አለ።" መንገዱ ላይ ያለውን የጎማ ዱካ አየና ከዚያ ወደኔ አየ። መሪው ላይ የነበርኩት እኔ መሆኔ ያኔ ነው የገባው። ፊቱን ሸፈነ።

ከሌሎቹ ተሸካሚዎች ጋር አራት አራት ሆነን ቃሬዛውን ከሣሩ አውጥተን መኪናዋ ድረስ ተሸከምነው። ወንበሩን ሳጥፈው ቃሬዛው ልክ ገባ፣ በሩም ተዘጋ። ደም እየፈሰሳት ስለነበር በፍጥነት መንዳት ነበረብኝ፤ ነዳሁም። መኪናዋ አንድ ቦታ እንኳ አልተያዘችም። እህቴን ሐኪሞቹ አትርፈዋታል፤ ዛሬም አለች፤ ከዚያ በኋላ ግን አልወለደችም።

የማልረሳው መንገዱን ነው። አባቴ አጠገቤ ነው፣ ባሏ ከኋላ ራሷን ይዟል፣ ልጁ በነጠላው ተጠቅልሎ ደረቷ ላይ ነው። የተኛች መስሎኝ ነበር። በመስታወቱ ሳያት ዓይኗ ተከፍቶ የበሩን ጠርዝ ታያለች።

"ነጭ ነው ብለኸን ነበር" አለችኝ።

"ነጭ ነበር። ተቀባ።"

"ቀለሙን ማን መረጠው?" አለች።

"ቢሮው" ልላት ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። አባቴ መንገዱን ያያል።

"እኔ ነኝ" አልኳት።

"ለምን?"

ስለ ቀለም ብጠየቅ ፀሐይ እስክትጠልቅ የማወራ ሰው ነኝ። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ አቧራው ሐሳብ የማላጣ ሰው ነኝ። ያን ቀን ያን ሁሉ ፈልጌ ከአንዲት መልስ በቀር አላገኘሁም።

"ያምራል ብዬ" አልኳት።

እሷም "እሺ" አለችኝ፤ መንገዱ ሲያናውጠው ልጁን እንዳይወድቅ ጠበቅ አድርጋ አቀፈችው።